ሰማንያ ቀን ያልሞላት ልጅ

ልጄ ንግስት በኅዳር 1960 ዓ.ም. በኩፍኝ ሞተች። ስድስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷት ነበር። ለቅሶ ላይ ሰው ሊያጽናናኝ የተናገረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «ተገላገለች» አሉኝ። «እግዜር እንዲያ አድርጎ ፈጥሯት ነበር፣ መልሶ ወሰዳት» አሉኝ። «ዓይነ ስውር ሆና አድጋ ማን ይጦራት ነበር?» ያለኝም አለ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ስሰማ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። እግዜር እንዲያ አድርጎ አልፈጠራትም። ንግስት ዓይኗን ከፍታ ነው የተወለደችው። እኔ አይቻታለሁ።

ፈየራ ቱሉ እባላለሁ፤ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነኝ። ንፋስ ስልክ አጠገብ የጆንያ ፋብሪካ ሲከፈት እርሻውን ለወንድሜ ትቼ የሽመና ማሽን ላይ ተቀጠርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ጆንያው ላይ ከሚታተመው ጽሑፍ ነው። ባለቤቴ ብርነሽ የሰላሌ ልጅ ናት። ከተጋባን በኋላ መካኒሳ፣ ከወንዙ በላይ፣ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠራን። የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወሯ ሲገባ እናቷ እማማ ተሾመች ሊያርሷት ከሰላሌ መጡ።

ንግስት የተወለደችው ቅዳሜ፣ የካቲት 3 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከቀትር በፊት ነው። እኔ ደጅ ተቀምጬ ነበር። እልልታው ሦስት ላይ ሲያቆም ሴት መሆኗን አወቅሁ። ጥቂት ቆይቶ አዋላጇ ወይዘሮ ወርቄ ልጅቷን ታቅፋ መጋረጃውን በክርኗ ገፋ አደረገችና «ና እያት፤ አማትህ ጓሮ ናቸው፣ ቶሎ በል» አለችኝ። በሩን ስከፍተው ፀሐይዋ እስከ መደቡ ድረስ ገባች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈን አደረገችና መልሳ ከፈተችው። ጥቁር ነበር፤ አሁን ከወንዝ የወጣ ጠጠር ይመስላል። እኔን ታየኝ አታየኝ አላውቅም፤ ብርሃኑን ግን አይታለች።

«አንተ፣ በሩን ዝጋ። አራስ ቤት ነው ወይስ ገበያ?» አሉ እማማ ተሾመች ከኋላዬ ደርሰው። ዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ተጣብቀዋል። በዓይን ቆቦቿ መካከል ቢጫ መግል ይወርዳል። ሲጠርጉላት ወዲያው ይሞላል። ብርነሽ ጡቷን እያለበች ዓይኗ ላይ ታንጠባጥብላታለች።

«ብርሃን መትቷታል» አሉ እማማ ተሾመች። «ገና ደሟ ሳይደርቅ ፀሐይ አስገብቶባታል። ማን እንደሆነ አልናገርም።»

እኔ መሆኔን ሁላችንም አውቀናል። ደነገጥኩ፤ አመንኳቸውም። በዚያው ምሽት ጭቃ በጭድ አቦካሁና የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈንኩ። መስኮቷ ላይ ሁለት ጆንያ ደርቤ ቸነከርኩ። ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ የገባ ሰው እጁን እንኳ አያይም ነበር። የልጅቷ ዓይን ምን እየሆነ እንደሆነ ማየት የሚችል አንድም ሰው እንዳይኖር ያደረግሁት በገዛ እጄ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄድኩ። ክሊኒኩ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት። የሚያክመን ሸምሱ የሚባል ድሬሰር ነው። መርፌ ሲወጋ እንኳ እያሳቀ የሚወጋ ሰው ነበር።

«ምን ወለድክ?» አለኝ።

«ሴት።»

«እንኳን ማረልህ። ኩባንያውም ደስ ይበለው።»

«ኩባንያው ምን አገባው?»

«እንዴ፣ ቁጠረው እንጂ። የእኛ ልጅ በሰባት ቀኑ ስም ወጥቶለት፣ ከቃዲው ወረቀት ይዞ ደብተር ይገባል። የእናንተ ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ይገባል። የእናንተ ሴት ሰማንያ ቀን ትጠብቃለች። ለኩባንያው እንደ ክርስቲያን ሴት ልጅ ወጪ የሚያድንለት ሰው የለም።»

ደብተር ያለው የሕክምና ደብተራችንን ነው። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ሰማያዊ ደብተር ሰጥቶን ነበር። ከደመወዛችን በየወሩ ጥቂት ይቆረጣል፤ ስሙ እዚያ ላይ የተጻፈ ሚስትም ሆነ ልጅ ክሊኒኩ ውስጥ ይታከማል፤ ከባሰበትም በደብዳቤ ከተማ ሆስፒታል ይላካል። በፊት ለልጅ ወረቀት አይጠየቅም ነበር አሉ። አንዱ የእኅቱን ልጆች የኔ ናቸው ብሎ አስጽፎ ሲያሳክም ተያዘና ከዚያ ወዲህ የክርስትና ወይም የቃዲ ወረቀት የሌለው ልጅ አይጻፍም ተባለ። ደንቡን ስናወጣ እኛም በማኅበር ሆነን ፈርመናል። በሰባት ቀንና በሰማንያ ቀን መካከል ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሰበ አልነበረም።

«ልጅቷን ዓይኗን አሟታል» አልኩት ሸምሱን። «ብርሃን መትቷት ነው።»

መርፌ እየቀቀለ ነበር፤ ተወው።

«መግል አለው?»

«አለው።»

«በስንተኛ ቀኗ ጀመራት?»

«በሦስተኛው።»

ሸምሱ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈየራ፣ በሰኔ ‹ሚስቴን ሌላ ቦታ ወስጄ አሳክሜያታለሁ› ብለኸኝ ነበር። አሳክመሃታል?» አለኝ።



ይህን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ንግስት ከመወለዷ በፊት በነበረው ሰኔ ጆንያ ጭነን ናዝሬት ሄደን ሁለት ቀን አድረናል። ከዚያ ስመለስ ጨብጥ ይዞኝ ነበር። ብርነሽ ያኔ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። መታመሜን ሳላውቅ ከእሷ ጋር አደርኩ፤ ሳውቅ ደግሞ ለራሴ ብቻ ወደ ሸምሱ ሄድኩ። በደብተሬ ሦስት ተከታታይ ቀን ፔኒሲሊን ወጋኝና ዳንኩ። «ሚስትህንም አምጣት፤ ሴት ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላል» ብሎኝ ነበር። ምን ብዬ ልውሰዳት? አሳክሜያታለሁ ብዬ ዋሸሁት።

«ብርሃን አይደለም የመታት» አለኝ ሸምሱ። «ሲወለዱ ከእናት ነው የሚይዛቸው። እናትየዋን ያስያዝካት ደግሞ አንተ ነህ። አሁኑኑ ፔኒሲሊን ካገኘች ትድናለች። ካላገኘች ዓይኗ ይፈሳል። የቀን ጉዳይ ነው።»

«ስጠኛ እንግዲያው።»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ብልቃጡ ግን በደብተር ቁጥር ተቆጥሮ ነው የሚወጣው። አቶ መኩሪያ ጋ ሂድ። ይፈርሙልህ።»

አቶ መኩሪያ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ናቸው፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ። ነገሩን ስነግራቸው ደንቡን ከመሳቢያ አውጥተው ዘረጉት።

«ክርስትና ተነሥታለች?»

«ገና ስድስተኛ ቀኗ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያማ በደንቡ ገና አልተወለደችም።» ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን አፈሩበት መሰለኝ ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ መለሱ። «ሰማንያ ቀን ሲሞላት ወረቀቷን ይዘህ ና። እኔ ራሴ እጽፍልሃለሁ።»

«የዓይን ነገር ነው፣ አይቆይም አለኝ ሸምሱ።»

«ለአንተ ብዬ ብጥሰው ነገ ሦስት መቶ ሰው ደጄ ላይ ይቆማል፤ አንዱ የእኅቱን፣ አንዱ የጎረቤቱን ልጅ ይዞ። የክርስትና ወረቀት አምጣልኝና በዚያው ቀን እፈርማለሁ።»

በማግሥቱ ዓርብ ሸምሱ ሳልጠራው ቤቴ ድረስ መጣ። ከተማ ሄዶ በገዛ ገንዘቡ መድኃኒት ገዝቷል። ከጁምዓ ሰላት በቀጥታ ስለመጣ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ነው። እማማ ተሾመች የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«የፋብሪካው ሐኪም ነኝ እማማ። ሕፃኗን አንድ ጊዜ ልያት።»

«ሐኪም ከሆንክ ታውቃለህ። ያልተጠመቀች ልጅ ናት። የሰው ዓይን አይጣልባትም፣ የሰው እጅም አይነካትም።»

«እጄን ታጥቤያለሁ።»

«ስለ እጅህ አይደለም የምነግርህ። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ እንኳን አንተ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያያታል። ቡና ጠጥተህ ሂድ ከፈለግህ።»

«እማማ፣ ሰማንያ ቀን ስትሞላ የማየው ዓይን አይኖርም።»

«ሟርትህን ላንተ ያድርገው። ሰላሌ ስንት ልጅ በጡት ወተት ድኗል።»

ሸምሱ ከእሳቸው ትከሻ በላይ እኔን አየኝ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። «ፈየራ፣ አንተ ንገራቸው» አለኝ።

አልነገርኳቸውም። «ለዛሬ ይቅር፣ ሌላ ቀን ትመጣለህ» አልኩት።

አማቴ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ትከሻቸው የልጅ ትከሻ ያህላል። በአንድ እጄ ገለል ላደርጋቸው እችል ነበር። ሃይማኖታቸውን አክብሬ አይደለም ያልነካኋቸው። ሸምሱ ገብቶ መርፌውን ቢያወጣ ብርነሽ «ከምን መጣባት?» ብላ ትጠይቀዋለች። ሸምሱ ደግሞ አይዋሽም። ይኸው ነው። ሸምሱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ቆየ፤ ምናልባት እጠራዋለሁ ብሎ ይሆናል። ከዚያ «ውሃ አፍልታችሁ፣ ጨው ጣል አድርጋችሁበት ሲቀዘቅዝ እጠቡላት፤ ወተቱን ተዉት» ብሎ ሄደ።

ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል። ለምን በዚያው ቀን ልጅቷን አቅፈህ ከተማ ሆስፒታል አልሄድክም? እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ያን ጊዜ ለእኔ ሕክምና ማለት ያቺ ሰማያዊ ደብተር ነበረች። ስሟ እዚያ ላይ ከተጻፈ ሸምሱ ሕጉን ይዞ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ይወጋታል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ሳልናገር የምታልፍ አንዲት በር ስፈልግ ያገኘኋት የክርስትና ወረቀቷን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን አባ ገብረ መድኅንን አገኘኋቸው። ክርስትና ከሰማንያ ቀን በፊት ይነሣል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለሞት ካላሰጋ በቀር አይነሣም። ልጅቱ ለሞት ታሰጋለች?»

«አዎ አባ። ታሰጋለች።»

«ጡት ትጠባለች?»

«ትታለች» አልኩ። ያን ዕለት ጠዋት ብርነሽ «ጡቴን ጨርሳ ጠባችው» እያለች ደስ ብሏት ነበር።

ለቤተሰቡም ያንኑ ውሸት መናገር ግድ ሆነብኝ። እማማ ተሾመችን «ለአባ ነግሬያቸው ነበር፤ ከነገ አታልፍም ብለዋል» አልኳቸው። ሳትጠመቅ ትሞታለች ብለው ፈርተው ወዲያው እሺ አሉ። ብርነሽ ግን ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ አነጋች። አራስ ስለሆነች ቤተ ክርስቲያን መግባት አትችልም። ሰኞ ማለዳ ወይዘሮ ወርቄ ክርስትና እናት ሆና ልጅቷን ስትወስድባት ሞታ የምትመለስ መስሏት ብርነሽ የልጇን እግር ሳመች። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ አየሁ።

አባ ገብረ መድኅን በውሃ ካጠመቋት በኋላ ሜሮን ሊቀቧት ጣታቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። ቀጥሎ ዓይን ነው። ጣታቸው ዓይኗ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጧፍ አስጠግተው አዩዋት። ልጅቷ በቀዝቃዛው ውሃ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞልታዋለች።

«ለሞት የምታሰጋ ልጅ እንዲህ ትጮሃለች?» አሉኝ። ቀብተው ጨረሱ። ስሟን ንግስት ያሏት እማማ ተሾመች ናቸው፤ ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። ወረቀቱን ሲጽፉ ደግሞ እኔ ያልኳቸውን ቃል በቃል አሰፈሩት፤ «ታማ ለሞት ስላሰጋች በአሥረኛ ቀኗ ተጠመቀች።»

ማክሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ፊሽካ ሳይነፋ አቶ መኩሪያ በር ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን ወስደው ብዕራቸውን አነሡ። ካነበቡት በኋላ አስቀመጡት።

«‹ታማ› ይላል» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«አንቀጽ ስምንት እኮ አለ። ደብተር ከመግባቱ በፊት የጀመረ ሕመም ኩባንያውን አይመለከተውም። ስሟን አሁን እጽፋታለሁ፤ ነገ ሌላ በሽታ ቢይዛት ትታከማለች። ይሄኛውን ግን ወረቀትህ ራሱ ይመሰክርብሃል።»

«ሌላው በሽታ አልያዛትም። የያዛት ይሄ ነው።»

«ገብቶኛል። ቄሱ ‹ታማ› የሚለውን ትተው ሌላ ይጻፉልህ። እኔ ይህን አላየሁም።»

ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ አባ ገብረ መድኅን ጋ ተመለስኩ። እስኪመጡ ድረስ ግማሽ ቀን ጠበቅኋቸው። ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ ዋሽተኸኝ አጥምቄያታለሁ። እሱን ለልጅቱ ብዬ ተውኩት። ሁለተኛ ግን በእጄ አልዋሽልህም» አሉ። ቀጠሉና «ዓይኗ እንደሆነ መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ ወደ ሐኪም ውሰዳት ነበር የምልህ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ክፍሉ ብርሃን ነው። ብርነሽ የቸነከርኳቸውን ጆንያዎች ከመስኮቱ ነቅላ ጥላቸዋለች። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ብርነሽ ልጅቷን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ የዓይኗን ቆብ በሁለት ጣቶቿ ከፍታ ታያለች።

«ፈየራ፣ ጥቁሩን አጣሁት» አለችኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። በቀኝ ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕንቁላል ሲበስል እንደሚሆነው።

ብርነሽ ነጠላዋን አጣፋች። እማማ ተሾመች «ልጄ፣ ሰማንያ ቀንሽ እኮ» ሲሏት «ይቅር» አለች። ቀኑ እየመሸ ስለነበር በማግሥቱ በማለዳ ሸምሱን ጠርቼ በአውቶቡስ ከተማ ወረድን። ሆስፒታሉ ደብተርም የክርስትና ወረቀትም አልጠየቀንም። ብርነሽ ከልጅቷ ጋር ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ከሸምሱ ጋር ደጅ ቀረሁ። አባት ግባ ብሎ የጠራኝ አልነበረም፤ እኔም አልገባሁም።

ከረጅም ሰዓት በኋላ ወጣች። ልጅቷንም እሷንም መርፌ ወግተዋቸዋል። ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ግራው ደግሞ ጠባሳ ይዟል፤ ብርሃንና ጨለማ ብትለይበት ነው ብለዋታል። «በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ብታመጧት ኖሮ» ብላታለች ነርሷ።

ብርነሽ ቀጥላ «ስትወለድ ከኔ ነው የያዛት አሉ» አለች። «ከማኅፀኔ።»

ሸምሱ አየኝ። እኔ አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸምሱ ከእኔ ጋር ቀልዶ አያውቅም።

ንግስት እንዲህ ሆና አደገች። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ መቆም ትወድ ነበር፤ በግራ ዓይኗ የሆነ ነገር ይደርሳት ነበር። ቤታችን መሬቱ ላይ የሚነጠፈው ከፋብሪካ የተጣለ ጆንያ ነው። እጇን እየሰደደች ትዳስሰውና «ይሄ የአባዬ ነው፤ ይሄ ክሩ የላላው የጋሼ ሮበሌ ነው» ትል ነበር። ሮበሌ ከጎኔ ያለው ማሽን ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊም ነው። «አለቃዬ ያላየውን ጉድ እሷ አወጣችብኝ» እያለ ይስቅ ነበር። እውነትም አትሳሳትም።

ከእሷ በኋላ አልወለድንም። ብርነሽ በየዓመቱ ጠበል ትሄዳለች፤ «ማኅፀኔ የተረገመ ነው» ትላለች። እማማ ተሾመችም ወደ ሰላሌ ሳይመለሱ የልጅ ልጃቸውን እጅ እየያዙ እዚሁ ቀሩ። «መድኃኒቱን ከደጅ የመለስኩት እኔ ነኝ» ብለው ለአባ ገብረ መድኅን ተናዝዘዋል፤ ጾምና ስግደት ተሰጥቷቸው በዚያ ጉልበታቸው ይሰግዳሉ። ሁለቱም ጥፋቱን ተካፍለው ሲሸከሙት እኔ ስድስት ዓመት ያህል ከመካከላቸው ተቀምጬ እራቴን በላሁ።

ንግስት ከሞተች አርባ ቀኗ ካለፈ በኋላ ሮበሌ መጣ። ማኅበሩ ከኩባንያው ጋር አዲስ ውል ሊፈራረም ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ አንደኛ፣ የሠራተኛ ልጅ ወረቀት ሳይጠበቅ፣ በአዋላጅና በሁለት ጎረቤት ምስክርነት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሕክምና ዋስትና ውስጥ ይግባ፤ ሁለተኛ፣ ድሬሰሩ በሦስት ቀን ውስጥ ቤት ድረስ ሄዶ የሕፃኑን ዓይን ይመርምር። «ሸምሱ ሦስተኛ ጨምሯል፤ ነፍሰ ጡር ሚስቶችና ባሎቻቸው ይመርመሩ ይላል» አለ ሮበሌ። «ምክንያቱን ስጠይቀው ‹ፈየራ ይጻፈው› አለኝ። አንተ ምን ታውቃለህ?»

«እጽፈዋለሁ» አልኩት።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስጽፍ ብርነሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማንበብ አትችልም። «ስለ ንግስት ከሆነ አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። የአቶ መኩሪያን ደንብ፣ የወረቀቱን ነገር፣ በር ለበር የዞርኩትን ሁሉ ጽፌያለሁ። ቀኑን ሳይቀር በትክክል ነው የጻፍኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሸምሱ ከደጅ የተመለሰበትን አልጻፍክም» አለች።

«እሱን ለእናትሽ ብዬ ነው።»

«እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። ‹አንተ ንገራቸው› አለህ። ምን ነበር የምትነግረን?»

ስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ ይዛ ኖራለች፤ ያልጠየቀችኝ ምናልባት መልሱን ፈርታ ይሆናል። ነገርኳት። ናዝሬትን፣ ሦስቱን መርፌ፣ ሸምሱን እንዴት እንደዋሸሁት፣ ልጅቷ ትሞታለች ያልኩት ከራሴ ፈጥሬ እንደሆነ። ስጨርስ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

«ሌላ ልጅ ያልወለድኩትም በዚሁ ነው?»

«አላውቅም። ሸምሱ ሊሆን ይችላል ብሎኛል።»

«መቼ ነው ያለህ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት።»

አላለቀሰችም። አልሰደበችኝም። «ሂድና ለእናቴ ንገራት» አለች። «እኔ አልነግርልህም።»

እማማ ተሾመች ጓሮ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ስመጣ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። ቆሜ ልናገር አስቤ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ለእሳቸው መናገር ለብርነሽ ከመናገር ባሰብኝ፤ የበሽታውን ስም ለአማት መጥራት ያሳፍራል። ግን ጠራሁት። በሩ ላይ ስለምን ዝም እንዳልኩም ነገርኳቸው። እንዝርታቸው ቆመ።

«ብርሃን አይደለም እንግዲያ» አሉ።

«አይደለም እማማ።»

«ያ እስላሙ ልጅ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

«እኔም መልሼዋለሁ። እሱ የኔ ኃጢአት ነው፣ አይቀርልኝም።» ጥጡን ከጭናቸው ላይ አንሥተው ሙዳዩ ውስጥ ከተቱት። «አንተ ግን ስሰግድ ታየኝ ነበር። እንጀራህን ይዘህ እዚያ ጋ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። ያን ሁሉ ስግደት ማን ይመልስልኛል?»

ተነሥተው ገቡ።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩትና ለሮበሌ ሰጠሁት። ሦስተኛው ጥያቄ ከነምክንያቱ በስሜ ሰፍሯል። ሮበሌ ሲያነብ ጆሮው ቀላ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ኩባንያው ልጆች ከተወለዱበት ቀን እንዲጻፉ ተስማምቷል አሉ። የዓይን ምርመራው «ይታሰብበታል»፤ ስለ ባልና ሚስቱ ግን አቶ መኩሪያ አንብበው ምንም ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፈዋል። ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲነሣ የሚስቁ አሉ። ከሳቁት ሁለቱ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ክሊኒክ መሄዳቸውን ሸምሱ ነግሮኛል፤ ስማቸውን አልነገረኝም።

ብርነሽ ባለፈው ሳምንት እናቷን ይዛ ሰላሌ ሄደች። ትመለስ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።